ባራዋ የማን ቡድን ነው? ከፊፋ ውጭ ስለሚጫወቱ «ብሔራዊ» ቡድኖች

ባለፈው እሁድ ከእህቴ ልጅ ጋር አሞራ ገደል ዓሳ ልንበላ ሄደን ነበር። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ኳስ ይወዳል ማለት ያንሰዋል። የሀዋሳ ከተማንም የሲዳማ ቡናንም አሰላለፍ በቃሉ ይወጣዋል። ዓሳው እስኪጠበስ ስልኩን ሲነካካ ቆየና ድንገት ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ባራዋ የሚባል ብሔራዊ ቡድን አለ እንዴ?»

«አለ።»

«ባራዋ እኮ ሀገር አይደለም። የሶማሊያ ከተማ ነው። እሱ ብሔራዊ ቡድን ካለው ሀዋሳ ለምን የላትም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዓሳው ቀርቦ፣ በዳጣ ተበልቶ፣ ቡና ተፈልቶም መልሱ አላለቀም። ደግሞ ልጁ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው። የእነዚህን ቡድኖች ፎቶ ስልኩ ላይ አይቶ «ይሄ ነገር ሕገወጥ አይደለም?» ወይም «ነፃነት ሊያውጁ ነው?» የሚል አዋቂም በየካፌው ይገጥመኛል። ለልጁ የነገርኩትን ሰብሰብ አድርጌ እዚህ አስቀመጥኩት። ዓመተ ምህረቶቹና ወሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

## ባራዋ የት ናት? ቡድኑስ የማን ነው?

ባራዋ ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያለች ጥንታዊ የወደብ ከተማ ናት። የነባር ነዋሪዎቿ ቋንቋ ቺምዊኒ ይባላል። ከስዋሂሊ ወገን ነው። በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ ብዙ የከተማዋ ሰው ተሰደደ። ከፊሉ ኬንያ ገባ፣ ከፊሉ እንግሊዝ። ከተማዋ ለዓመታት በአልሸባብ እጅ ቆይታ በጥቅምት 2014 ነው የሶማሊያ ጦርና የአፍሪካ ኅብረት ኃይል ያስለቀቋት።

ቡድኑ የተሰባሰበው እንግሊዝ ካሉት የባራዋና የደቡብ ሶማሊያ ተወላጆች ነው። ብዙዎቹ ያደጉት ለንደን ነው። ባራዋን የሚያውቋት እናትና አባት ሲያወሩ በሰሙት ነው። እንግዲህ ቡድኑ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት አይደለም። የሶማሊያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንም አይደለም። ከሀገሩ የወጣ ማኅበረሰብ የትውልድ ቀዬውን ስም ማልያ ላይ ጽፎ ያቋቋመው ነው።

ነገሩ ለእኛ ብዙም እንግዳ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ስር በየዓመቱ በክረምት ይገናኛሉ። ኳስ ይጫወታሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ ልጅ ያስተዋውቃሉ። ልዩነቱ እነሱ የሚሰለፉት በሚኖሩበት የአሜሪካ ከተማ ስም መሆኑ ነው። የባራዋ ልጆች ደግሞ ጥለውት በወጡት ከተማ ስም ይሰለፋሉ፤ ከሌሎች መሰል ቡድኖች ጋርም ዋንጫ ይፎካከራሉ።

## «እውቅና የሌለው ቡድን» ሲባል ምን ማለት ነው?

እውቅና ማለት እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፊፋ አባልነት። ፊፋ በ1904 ፓሪስ ላይ ተቋቋመ። ዛሬ 211 አባላት አሉት። አባል የሆነው ቡድኑ ሳይሆን ቡድኑን የሚያስተዳድረው ፌዴሬሽን ነው። ፌዴሬሽኑ አባል ከሆነ ቡድኑ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ይጫወታል፣ የፊፋ ደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ካልሆነ አይገባም። ስለ ኳስ ችሎታ የሚለው ነገር የለም። እውቅና የሌላቸው ቡድኖችም የሚጫወቱት 11 ለ11 ነው፣ 90 ደቂቃ ነው፣ ዳኛም አላቸው።

ለልጁ ፊፋን በዕድር ነው ያስረዳሁት።

የሰፈር ዕድር የሚመዘግበው ቤት ነው። ከአንድ ግቢ አንድ አባል። የቤቱ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ እዚያው ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይኖር ይሆናል። የራሱ ምድጃ፣ የራሱ ቁልፍ አለው። ግን አጥሩ አንድ እስከሆነ ድረስ መዝገቡ ላይ ያለው የአባትየው ስም ነው። ልጁ «ለብቻዬ መዝግቡኝ» ብሎ ቢመጣ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አባትህ ምን አሉ?» ብሎ ነው።

የፊፋ ደንብም እንዲሁ ነው። ሀገር ማለት በዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ የታወቀ ነፃ መንግሥት ነው ይላል። ለአንድ ሀገር አንድ ፌዴሬሽን። ገና ነፃ ያልወጣ ግዛት ማመልከት ይችላል፤ ግን የዋናው ሀገር ፌዴሬሽን መፍቀድ አለበት። ከዚያም በቀጥታ ፊፋ ዘንድ አይኬድም። መጀመሪያ የአህጉሩ ኮንፌዴሬሽን ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ለእኛ ያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነፃ ወጣች፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ካፍ ገባች፣ በግንቦት 2012 ፊፋ ገባች። አጥሩ ሲለይ መዝገቡም በፍጥነት ተለየ ማለት ነው።

## ታዲያ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ እንዴት ለየብቻ ይጫወታሉ?

ይህን የማይጠይቅ ሰው የለም። እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ አንድ መንግሥት ሆነው አራት ቡድን አላቸው። ምክንያቱ ታሪክ ነው። የአራቱም ፌዴሬሽኖች ፊፋ ከመወለዱ በፊት የነበሩ ናቸው። በዕድሩ ቋንቋ፣ ዕድሩ ሳይቋቋም የየራሳቸው ማኅበር የነበራቸው አራት ወንድማማቾች ናቸው። ዕድሩ ሲመጣ እንዳሉ ተቀበላቸው፤ ደንቡም በስማቸው ልዩ አንቀጽ ያዘላቸው።

ሌሎችም በተለያየ ጊዜ የገቡ አሉ። የዴንማርክ ግዛት የሆኑት የፋሮ ደሴቶች በ1988 ፊፋ ገብተዋል። ግሪንላንድም እንደነሱ በዴንማርክ ስር ናት። እሷ ግን የሰሜንና መካከለኛው አሜሪካን ኮንፌዴሬሽን ለመቀላቀል አመልክታ በሰኔ 2025 አይሆንም ተባለች። ሁለቱም የአንድ መንግሥት ልጆች ናቸው፤ አንዷ ውስጥ፣ አንዷ ደጅ። በሩ ሲከፈት የደረሰ ገባ፣ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ቀረ። እኔ በበኩሌ ይህ ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብደኛል።

## የዛንዚባር ነገር

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ዛንዚባር ናት። የእሷን ታሪክ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው አዲስ አበባ ላይ ስለሆነ።

ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ናት። የራሷ ፕሬዚዳንት፣ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ሊግ አላት። ፊፋ የሚያውቀው ግን የታንዛኒያን ፌዴሬሽን ነው። በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ውድድር፣ በሴካፋ፣ ለብቻዋ ትሰለፋለች። በ1995 ኡጋንዳ ላይ ዋንጫውን በልታለች። ያም ሆኖ ለአፍሪካ ዋንጫም ለዓለም ዋንጫም ማጣሪያ በራሷ ስም መጫወት አትችልም።

በመጋቢት 2017 ካፍ ጠቅላላ ጉባኤውን አዲስ አበባ አደረገ። በዚያ ጉባኤ ዛንዚባር 55ኛዋ የካፍ አባል ሆና ተመዘገበች። ደሴቲቱ ላይ ደስታ ሆነ። አራት ወር ብቻ ቆየ። በሐምሌ ካፍ ሞሮኮ ላይ ተሰብስቦ ውሳኔውን ሻረው። ምክንያቱ ከአንድ ሀገር ሁለት ፌዴሬሽን መቀበል አይቻልም የሚል ነበር።

ዕድሩ አስገብቶ፣ ደብተር ሰጥቶ፣ በአራተኛው ወር ደብተሩን ነጠቃቸው። ይህ የደረሰበት ሰው ምን እንደሚሰማው ማንም ያውቀዋል።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኬንያ ላይ ሴካፋ ተደረገ። ዛንዚባር በምድቡ ታንዛኒያን 2 ለ1 አሸነፈች። በግማሽ ፍጻሜ ኡጋንዳን አስወጣች። በፍጻሜው ከአዘጋጇ ኬንያ ጋር 2 ለ2 ተለያይታ በመለያ ምት ተሸነፈች። ልጁ እዚህ ላይ ቡናውን አስቀምጦ «አባቷን አሸንፋ ማለት ነው?» አለ። አዎ። ሜዳ ላይ አሸንፋ።

## ደጅ የቀሩት የት ይጫወታሉ?

የራሳቸውን ዕድር አቋቋሙ። ከ2006 እስከ 2012 ቪቫ የዓለም ዋንጫ የሚባል ውድድር ነበር። ከዚያ በ2013 ኮኒፋ ተመሠረተ። ኮኒፋ የነፃ እግር ኳስ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ማለት ነው። የተመዘገበው ስዊድን ሲሆን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከሳሚ ሕዝብ የተወለዱ ነበሩ። ሳሚዎች በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ሰሜናዊ ጫፍ የሚኖሩ ናቸው። አንድ ሕዝብ፣ አራት ድንበር።

በአባልነት ያለፉበት ቡድኖች አንድ ዓይነት አይደሉም። ይህን መለየት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ግርታ የሚመጣው ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከማስገባት ነው። እንደ ሰሜን ቆጵሮስና አብካዚያ ያሉት መንግሥት ነን ይላሉ፤ አብዛኛው ዓለም አይቀበላቸውም። እንደ ሳሚዎችና እንደ ፑንጃብ ያሉት በቋንቋና በባህል የሚሰባሰቡ ናቸው። እንደ ባራዋ ያሉት ስደት ያገናኛቸው ናቸው። ደግሞ ቱቫሉ አለች። ፓሲፊክ ውስጥ ያለች ነፃ ሀገር ናት። ከ2000 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት አባል ናት። ፊፋ ውስጥ ግን የለችም፤ ስለዚህ እሷም ኮኒፋ ላይ ተጫውታለች። ማንም ቱቫሉን «ልትገነጠል ነው» አይላትም።

ከአፍሪካም በርካቶች አልፈውበታል። ሶማሌላንድ በ2016 አብካዚያ ላይ ተሰልፋለች። ከዚምባብዌ ምዕራብ የማታቤሌላንድ ቡድን በ2018 ለንደን ሄዷል። ልቤን የሚነካኝ ግን ዳርፉር ዩናይትድ ነው። ምሥራቅ ቻድ ካሉ የስደተኞች ካምፖች የተመረጡ የዳርፉር ወጣቶች ናቸው። በ2012 ኢራቅ ኩርዲስታን፣ በ2014 ስዊድን ሄደው ተጫወቱ። በሰፊ ውጤት ተሸነፉ። ለልምምድ ያላቸው የካምፑ አሸዋ ነበር፤ የገጠሟቸው ደግሞ ለዓመታት በክለብ የተጫወቱ ሰዎች። ሆኖም በሌላው ጊዜ ስማቸው ከራሽን ካርድና ከድንኳን ቁጥር ጋር የሚነሳ ልጆች፣ እዚያ ሜዳ ላይ ስማቸው ከማልያ ቁጥር ጋር ተነበበ።

## የ2018ቱ ውድድር እንዴት ነበር?

ኮኒፋ ከምንም በላይ የታወቀው በዚህ ነው። 16 ቡድኖች ለንደን ላይ ተገናኙ። አዘጋጁ ባራዋ ነበር።

«ለንደን የባራዋ አይደለችም፤ እንዴት ያዘጋጃል?» ማለታችሁ አይቀርም። ኮኒፋ ውስጥ አዘጋጅ የሚሆነው አባሉ እንጂ መሬቱ አይደለም። የባራዋ ማኅበር የሚኖረው ለንደን ነው፤ እንግዳ የሚቀበለውም በሚኖርበት ነው። ጨዋታዎቹ የተደረጉት በለንደንና አካባቢዋ ባሉ ትናንሽ ክለቦች ሜዳ ነው። ዌምብሌይን አታስቡ። ደጋፊው ከአጥሩ ላይ ተደግፎ ከተጫዋች ጋር እያወራ የሚያይበት ሜዳ ነው።

ባራዋ በመጀመሪያ ጨዋታው ታሚል ኢላምን፣ የስሪላንካ ታሚሎችን ቡድን፣ 4 ለ0 አሸነፈ። ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። እዚያ ሰሜን ቆጵሮስ በሰፊ ውጤት አሰናበተው።

ውዝግብም አልጠፋም። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ያለችው «ማን» የተባለች ደሴት ቡድን፣ ኤላን ቫኒን፣ ባራዋ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ተጫዋች አስመዝግቧል ብሎ ከሰሰ። ክሱ ውድቅ ሲሆን ጥሎ ወጣ። ይህን የማነሳው አንድ ነገር እንዲታይልኝ ነው። ደንብ አላቸው፣ ክስ ይሰማሉ፣ ይፈርዳሉ። በዚህ በኩል ከየትኛውም ሊግ አይለዩም።

አዲስ ነገርም ሞክረዋል፤ አረንጓዴ ካርድ። በቢጫና በቀይ መካከል ያለ ነው። ሆን ብሎ የወደቀ ወይም ዳኛ ላይ የጮኸ ተጫዋች አረንጓዴ ካርድ ያያል። እሱ ከሜዳ ይወጣል፤ ቡድኑ ግን ተቀያሪ ማስገባት ይችላል። ጥፋተኛው ይቀጣል፣ ጓደኞቹ ግን በ10 ሰው አይጫወቱም። ልጁ ይህን ሲሰማ «ለኛ ሊግም ይምጣ!» አለ። እኔም ቢሞከር ደስ ይለኛል።

ፍጻሜው ላይ ካርፓታልያ ሰሜን ቆጵሮስን ገጠመ። ያለ ግብ አለቀ። ካርፓታልያ በመለያ ምት ዋንጫውን ወሰደ። ካርፓታልያ በምዕራብ ዩክሬን የሚኖሩ ሃንጋሪኛ ተናጋሪዎች ቡድን ነው።

የቀጣዩ፣ የ2020ው፣ መጀመሪያ ለሶማሌላንድ ተሰጥቶ ነበር። በኋላ ወደ ሰሜን መቄዶኒያ ተዛወረ። ከዚያ ኮሮና መጣና ጭራሽ ቀረ።

## ከፊፋ ውጭ መሆን ምን ያሳጣል?

መጀመሪያ ገንዘብ። ፊፋ ከ2023 እስከ 2026 ባለው ዙር ለእያንዳንዱ አባል ፌዴሬሽን እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር የልማት ድጋፍ መድቧል። ሜዳ ይሠራበታል፣ የሴቶችና የታዳጊዎች ውድድር ይካሄድበታል። ኮኒፋ ከዚህ ሳንቲም አያገኝም። የሚመራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። ቡድኖች ትኬታቸውን ራሳቸው ይችላሉ። ማታቤሌላንድ ወደ ለንደን የሄደው ማልያ ሸጦና ከሕዝብ አዋጥቶ ነው። ተጫዋቾቹ ሰኞ ሥራ የሚገቡ ሰዎች ናቸው፤ ለውድድር የዓመት ፈቃዳቸውን ይጠቀማሉ።

ሁለተኛው ተጋጣሚ ነው። የፊፋ አባል ያለ ፈቃድ አባል ካልሆነ ቡድን ጋር መጫወት አይችልም። ስለዚህ ባራዋ ዋልያዎቹን «እስቲ አንድ የወዳጅነት ጨዋታ» ብሎ መጋበዝ አይችልም። ዋልያዎቹ እሺ ቢሉ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው።

ደጅ መቆም ምን እንደሚመስል እኛም ለአጭር ጊዜ ቀምሰነዋል። ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ካፍን በ1957 ከመሠረቱት አራት ሀገሮች አንዷ ናት። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ይዘን በ2008 በፌዴሬሽኑ አመራር ላይ በተነሳ ውዝግብ ፊፋ አገደን። ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወጣን፤ እስከዚያ የተጫወትናቸውም ተሰረዙ። እኔ ያኔ የተሰማኝን አልረሳውም። ተጫዋቾቹ አሉ፣ ሜዳው አለ፣ ደጋፊው አለ። ግን ጨዋታ የለም። እገዳው በቀጣዩ ዓመት ተነሳ። ለእኛ አንድ ዓመት ነበር። ለሌሎቹ ኑሯቸው ነው።

## ሕገወጥ ነው? ነፃነት ማወጅስ ነው?

ሕገወጥ አይደለም። ፊፋ መንግሥት አይደለም፤ ከእሱ ውጭ ኳስ መጫወት ወንጀል አይሆንም። ሀዋሳ ውስጥ አስፋልት ላይ ድንጋይ ጎል አድርገው የሚጫወቱ ልጆችም የማንም አባል አይደሉም።

ፖለቲካ አለበት ወይ? አንዳንዶቹ ላይ አለበት፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ኮኒፋ ራሱን ገለልተኛ ነኝ ይላል። የሚያስገባው ሕዝብን እንጂ ድንበርን አይደለም፤ አባል ማድረግም መንግሥትነትን መመስከር አይደለም ባይ ነው። መንግሥታት ግን ሁልጊዜ እንዲህ አያዩትም። ካርፓታልያ ዋንጫ ሲያነሳ የዩክሬን ስፖርት ሚኒስትር ቡድኑ እንዲመረመር ጠይቀዋል። ተጫዋቾቹ ኳስ ተጫውተው የተመለሱ መስሏቸው ነበር፤ ጉዳዩ የጸጥታ ጉዳይ ሆኖ ጠበቃቸው።

በሌላ በኩል የኮኒፋ ዋንጫ ማንንም ሀገር አድርጎ አያውቅም። ኮሶቮን እንውሰድ። ፊፋ በ2014 የወዳጅነት ጨዋታ ፈቀደላት፣ በ2016 አባል አደረጋት። መንገዱን የከፈተላት ብዙ መንግሥታት እውቅና መስጠታቸው ነው። ብዙ ጊዜ መንግሥትነት ይቀድማል፣ ኳሱ ይከተላል።

አንድ ጊዜ ግን ኳሱ ቀድሟል። የሆነውም እዚሁ አፍሪካ ነው።

## የአልጄሪያ ልጆች፣ 1958

ሚያዝያ 1958። አልጄሪያ በፈረንሳይ ስር ናት፤ የነፃነት ጦርነቱ እየነደደ ነው። በፈረንሳይ ክለቦች የሚጫወቱ አልጄሪያውያን አሉ። ከእነሱ መካከል ራሺድ መኽሉፊና ሙስጠፋ ዚቱኒ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፈው ያውቃሉ። የዓለም ዋንጫው ሁለት ወር ነው የቀረው። ሁለቱም ይሄዳሉ ተብሎ ይጠበቃል።

አልሄዱም። ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር በድብቅ ፈረንሳይን ለቀው ቱኒዝ ገቡ። መኽሉፊ በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ጦር ውስጥ ብሔራዊ ውትድርና ላይ ነበር፤ ስለዚህ የእሱ መጥፋት ክህደት ተብሎ ሊያስቀጣው ይችል ነበር። ቱኒዝ ላይ የብሔራዊ ነፃነት ግንባሩን ቡድን አቋቋሙ። ሀገር ገና የለም። ፌዴሬሽን የለም። ፊፋ እውቅና ነፈጋቸው፤ ከእነሱ ጋር የሚጫወት እንደሚቀጣም አስታወቀ። እነሱ ግን በሰሜን አፍሪካ፣ በምሥራቅ አውሮፓ፣ በእስያ እየዞሩ ከ80 በላይ ጨዋታ አደረጉ። ባንዲራ ተሰቀለ፣ መዝሙር ተዘመረ፤ ነፃነቱ ሳይመጣ በፊት።

ፈረንሳይ ያለ እነሱ ስዊድን ሄዳ ሦስተኛ ወጣች። አልጄሪያ በ1962 ነፃ ወጣች። ከዚያ በኋላ ፊፋ ገባች። መኽሉፊ ወደ ቀድሞ ክለቡ ወደ ሴንት ኤቲየን ተመልሶ እንደገና ዋንጫ በላ። በ1982 የዓለም ዋንጫ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ1 ስታሸንፍ ከሁለቱ አሠልጣኞች አንዱ እሱ ነበር።

## ወደ ሀዋሳ እንመለስ

ልጁ የጠየቀኝ ስለ ሀዋሳ ነበር። ለእሱ ያልኩትን ልድገመው።

በፊፋ ደንብ ከኢትዮጵያ የሚታወቀው አንድ ፌዴሬሽን ነው። አንድ ከተማ ወይም አንድ ክልል በራሱ ስም የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አይጫወትም። ግን ደንቡ በሀገር ውስጥ የክልል ምርጥ ቡድንን አይከለክልም። ክልሎቻችን በመላው ኢትዮጵያ ጨዋታዎች ላይ በየስማቸው ይሰለፋሉ። ስፔን ደግሞ ከዚህ አልፋ ትሄዳለች። ካታሎኒያ የፊፋ አባል አይደለችም። ነገር ግን በስፔን ፌዴሬሽን ፈቃድ ከውጭ ብሔራዊ ቡድኖች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ታደርጋለች። በ2009 በዮሃን ክራይፍ አሠልጣኝነት በማራዶና ትመራ የነበረችውን አርጀንቲና 4 ለ2 አሸንፋለች። በማግስቱ እነዚያው ተጫዋቾች የስፔን ተጫዋቾች ነበሩ፤ ከስድስት ወር በኋላም አንዳንዶቹ ከስፔን ጋር የዓለም ዋንጫ አነሱ። አባትየው «ይሁን» ካለ ልጁ በራሱ ስም ድግስ መደገስ ይችላል ማለት ነው። ዕድሩ ላይ ያለው ስም ግን አይቀየርም።

«ሀዋሳ ደግሞ ክለብ አላት» አልኩት። «በእኛ አቆጣጠር በ1996 እና በ1999 ሀዋሳ ከተማ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል። ሻምፒዮን የሆነ ክለብ በአፍሪካ ውድድር የሚወጣው በራሱ ስም ነው፤ የእሱ ስም ደግሞ የከተማዋ ስም ነው።»

ይህ ደስ አሰኘው። ግን ሐሳቡ ዛንዚባር ላይ ነበር።

«ዛንዚባር ከኛ ጋር መጫወት ትችላለች?»

«በሴካፋ ትችላለች።»

«እዚህ መጥታ ታውቃለች?»

በ2015 ሴካፋ ኢትዮጵያ ላይ ነበር የተዘጋጀው። ዛንዚባር ከተሳታፊዎቹ አንዷ ነበረች። ሀዋሳም ከአስተናጋጆቹ ከተሞች አንዷ ነበረች። ይህን ስነግረው ጣቱን ቆጠረ።

«እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር» አለ። «ለምን ስታዲየም አልወሰድከኝም?»